ሜዳውን አትዝጉት፣ በሩን አስተካክሉት

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለፓርኮች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ውሾቻችሁን ወደ ሜዳው ለምታመጡ ሁሉ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

በአጥሩ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። ውሾች ከገመድ ተፈትተው የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ጠብ በዝቷል፣ አቤቱታም እየመጣ ነው፣ ስለዚህ ቦታውን ለመዝጋት እየታሰበ ነው ይላል። አስተያየት ያለው ከመወሰኑ በፊት ያቅርብ ብላችኋል። ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ይኸው የኔ።

ሜዳውን አትዝጉት። እንዳለ ግን አትተዉት።

ከኛ ከውሻ ባለቤቶች መካከል አቤቱታ ያቀረቡትን ሰዎች ውሻ ጠል አድርገው የሚያወሩ አሉ። ልክ አይደለም። ትንሽ ውሻዋ በትልቅ ውሻ ተነክሳ ሐኪም ጋ ያደረችባት ሴት አለች። ልጁን በሩጫ የመጣ ውሻ ገፍትሮ የጣለበት አባት አለ። በአጥሩ ጥግ ማለፍ የሚፈሩ አዛውንቶች አሉ። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። የጠቡ ምንጭ ግን ውሾቹ መፈታታቸው አይደለም። በሩ የተሠራበት መንገድ ነው፣ ሁሉም ዓይነት ውሻ አንድ ቦታ መታጨቁ ነው፣ እኛም ባለቤቶቹ ከገባን በኋላ ስልካችን ላይ ማፍጠጣችን ነው። ሦስቱም ይስተካከላሉ። ብትዘጉት ግን እነዚያው ውሾች በየእግረኛው መንገድና በየልጆች መጫወቻው መፈታታቸው አይቀርም፤ ያውም አጥር በሌለበት።

መጀመሪያ ሜዳው ለምን እንደሚያስፈልግ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቅንጦት ይመስለዋል። ውሻ በገመድ ሲሄድ የሚሄደው በሰው እግር ፍጥነት ነው። ለኛ ፈጣን እርምጃ የሆነው ለእሱ ማዝገም ነው። ውሻ የሚረካው ሲሮጥ፣ ድንገት ሲቆም፣ ሲያሸት፣ ተመልሶ ሲመጣ፣ እንደገና ሲፈተለክ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት የዋለ ወጣት ውሻ ይህን ካላገኘ ጉልበቱን ሌላ ቦታ ያወጣዋል፤ ጫማ ያኝካል፣ በር ይቧጭራል፣ ወይም ሲጮህ ይውላል። ያኔ ደግሞ አቤቱታው ከጎረቤት ይመጣል።

ሌላው የሰላምታቸው ነገር ነው። ሁለት ውሾች ነፃ ሆነው ሲገናኙ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው አይመጡም። ግማሽ ክብ ሠርተው ከጎን ይቀርባሉ፣ ከኋላ ይሸታተታሉ፣ አንዱ ፊቱን ያዞራል፣ ሌላው መሬት የሚያሸት ይመስላል፤ ካልተጣጣሙ በየፊናቸው ይሄዳሉ። በገመድ የተያዘ ውሻ ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። ገመዱ ተወጥሯል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ባለቤቱም ሲደነግጥ ይበልጥ ይስበዋል። ውሻው መሸሽ እንደማይችል ሲያውቅ የሚቀረው መጮህና ወደፊት መዝለል ነው። መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር የሚያብድ፣ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሰላም የሚያሸት ውሻ ብዙ አይቻለሁ። ያው ውሻ ነው።

ይህ የውሻ ወዳዶች ምኞት ብቻ አይደለም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ባዋለችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ መሠረት ውሻ በየቀኑ ከሰው ጋር፣ በተቻለ መጠን ደግሞ ከሌሎች ውሾች ጋር መገናኘት አለበት። በየቀኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ሲወጣም የሚቻል ከሆነ ያለ ገመድ መንቀሳቀስ አለበት። ደንቡ በየቦታው ይለቀቅ አላለም። ነፃ እንቅስቃሴን ግን ለእንስሳው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተከለለ የመጀመሪያው የውሻ ፓርክ ተብሎ የሚጠቀሰው በካሊፎርኒያ በርክሌ ከተማ የሚገኘው የኦሎኒ ፓርክ ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ በብዙ አገሮች ተሞክሯል። የሚሠራውና የማይሠራው ተለይቶ ታውቋል። እኛም ከባዶ አንጀምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይሄኛው ለጽሕፈት ቤቱም ለባለቤቶችም ነው።

ሜዳው ላይ ደጋግሜ የምሰማው ነገር "ውሻዬ ሌሎች ውሾችን ስለሚፈራ እንዲለምድ ብዬ ነው ያመጣሁት" የሚል ነው። ሰዎቹ ይህን የሚሉት ከልባቸው ነው፣ ውሻቸውን ስለሚወዱ ነው። ሜዳው ግን ማላመጃ አይደለም። የለመደ ውሻ የሚደሰትበት ቦታ ነው። የሚፈራን ውሻ አሥር የማያውቃቸው ውሾች ባሉበት ቦታ መልቀቅ ፍርሃቱ ልክ እንደነበረ ማረጋገጥ ነው። ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ቀርቅሮ ወንበር ስር የተደበቀ ውሻ እየለመደ አይደለም። ለሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ መንከስ እንዳለበት እየተማረ ሊሆን ይችላል።

ቡችላ ዓለምን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚቀበልበት ጊዜ አጭር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ቡችሎችን እያሳደጉ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመዋል፤ ጊዜው ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ እንደሆነ ያሳየው የነሱ ሥራ ነው። ዛሬ እስከ 14ኛው ሳምንት የሚያደርሱት አሉ። በዚህ ጊዜ ቡችላው በመልካም ሁኔታ ያያቸው ነገሮች፣ ሕፃን ልጅ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ሞተር ሳይክል፣ ረጋ ያለ ትልቅ ውሻ፣ ሁሉም "ችግር የለውም" በሚለው በኩል ይመዘገቡለታል። ከዚያ በኋላ መማር አይቆምም። ይከብዳል እንጂ።

እዚህ ላይ አስቸጋሪ ነገር አለ። ይህ የመማሪያ ጊዜ የሚያልቀው ክትባቱ ከማለቁ በፊት ነው። የቡችላ ዋና ዋና ክትባቶች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገሙ 16 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰው ታያላችሁ። አንዱ ክትባቱ እስኪያልቅ ብሎ ቡችላውን ቤት ዘግቶ ያሳድጋል፣ ከዚያ በአምስተኛው ወር በቀጥታ ሜዳው ላይ ይለቀዋል። ሌላው በሁለተኛው ወር አቅፎ አምጥቶ ሣሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም አደጋ አለው። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ከታመመ ውሻ ሰገራ ወጥቶ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ያልተከተበ ቡችላን ደግሞ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ማንኛውም ውሻ የሚመላለስበት ሣር ለቡችላ ቦታ አይደለም።

መፍትሔው መሀል ላይ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አቋም ቡችሎች ከ7 እና 8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ የቡችላ ክፍል፣ ማለትም ቡችሎች ከባለቤቶቻቸው ጋር የሚማሩበት ትምህርት፣ መግባት ይችላሉ ብሏል፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ክትባት ከ7 ቀን በፊት ወስደው፣ የትል መድኃኒትም ተሰጥቷቸው ከሆነ። ክፍሉ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ወለሉ የሚታጠብ መሆን አለበት፣ ቡችሎቹም ጤነኛ መሆናቸው መታወቅ አለበት። ውድ ነገር አይደለም። በሜዳው ዳር አሁን ዕቃ የሚጣልበትን ጥግ ሲሚንቶ አድርጋችሁ፣ የራሱ አጥርና የራሱ መግቢያ ቢኖረው፣ በበረኪና ታጥቦ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት የክትባት ካርድ ለሚያሳዩ ቡችሎች ብቻ ቢከፈት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቁ ሜዳ ላይ የሚመጡት ውሾች ሌላ ዓይነት ውሾች ይሆናሉ። ጠቡን የሚቀንሰው ይሄ ነው። ከሁሉም ጥያቄዎቼ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ያደጉ ውሾችስ? የኔ ውሻ ከመጠለያ ነው የመጣችው፤ ስትመጣ ጎልማሳ ነበረች። ሌላ ውሻ ስታይ ሰውነቷ እንጨት ይሆን ነበር። አጥሩ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ለረጅም ጊዜ ከአጥሩ ውጪ፣ ከሩቅ፣ ምግቧን ሳትጠላ ማየት በምትችልበት ርቀት ላይ ቆመን አሳለፍን። ከዚያ አንድ ጨዋ ሽማግሌ ውሻ ያላቸው ሰው ፈቅደውልን በመንገዱ ሁለት ዳር፣ እነሱ በወዲያ እኛ በወዲህ፣ በአንድ አቅጣጫ አብረን መሄድ ጀመርን። ፊት ለፊት መገናኘት የለም። ዝም ብሎ ጎን ለጎን መሄድ ነው። ርቀቱ እየጠበበ ሄደ። አንድ ቀን ራሷ ዞር ብላ አሸተተችው። ዛሬም ቢሆን ከሁሉም ውሻ ጋር አትጫወትም። የምትወዳቸው ጥቂት ጓደኞች አሏት፣ እነሱ ካሉ ትገባለች፣ ቦታው ከተጨናነቀ እንመለሳለን። ጥሩ ኑሮ ነው።

ይህንን ያነሳሁት ብዙ ባለቤት ውሻው ከሁሉም ጋር ካልተጫወተ የጎደለው ነገር ያለ ስለሚመስለው ነው። ምንም አልጎደለውም። ውሾች ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ መሀል ሲበስሉ ብዙዎቹ ለማያውቁት ውሻ ያላቸው ጉጉት ይቀንሳል። በቡችላነቱ ሁሉን ይልስ የነበረው በሦስት ዓመቱ መራጭ ይሆናል። እንደ ሰው ጠባዩ እየጠራ ነው የሚሄደው። እባካችሁ አታስገድዱት። በሰፊ መስክ ብቻውን በ10 ሜትር ገመድ እያሸተተ መዋል ለሱ ከዚህ ሁሉ ትርምስ የበለጠ ደስታ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጨዋታ ደግሞ ትንሽ ልበል። ከሚደርሳችሁ አቤቱታ ውስጥ ጤነኛ ጨዋታ ሆኖ ጠብ የመሰለ አለ፤ ጨዋታ ነው ተብሎ ዝም የተባለ እውነተኛ ማስፈራራትም አለ። መለየት ይቻላል።

የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ደረቱን ዝቅ ቂጡን ከፍ የሚያደርግ ውሻ ጨዋታ እየጠየቀ ነው። ማርክ ቤኮፍ የተባለው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ውሾችን፣ ተኩላዎችንና ኮዮቴ የሚባሉትን የሰሜን አሜሪካ አውሬዎች ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳተመው ይህ ምልክት በዘፈቀደ አይመጣም። በተለይ ራስን እየነቀነቁ እንደመንከስ ያለ፣ በክፉ ሊተረጎም የሚችል ነገር ከመደረጉ በፊት ወይም ወዲያው ከተደረገ በኋላ ይመጣል። "ጨዋታ ነው፣ እንዳትቆጣ" እንደማለት ነው። ደስ የሚለው ሌላው ነገር ጠንካራው ራሱን ማድከሙ ነው። ትልቁ ውሻ በጀርባው ተንጋሎ ትንሹ እንዲወጣበት ይፈቅዳል። የሚያባርረው ተራውን ይባረራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ወንድ ቡችሎች ከሴቶች ጋር ሲጫወቱ ሆን ብለው ራሳቸውን ለጥቃት የሚያመቻቹበት ጊዜ ታይቷል፤ ጨዋታው እንዲቀጥል ሲሉ ማለት ነው። ጥሩ ጨዋታ ዕረፍትም አለው። ይቆማሉ፣ ሰውነታቸውን ያራግፋሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ።

ክፉው ደግሞ ዝምተኛ ነው። ሰውነት ግትር ይላል። አፍ ይዘጋል። ዓይን አንድ ቦታ ይተከላል። አንዱ አገጩን በሌላው ትከሻ ላይ አድርጎ አይነቃነቅም። ሁሌ አንዱ ብቻ አባራሪ፣ አንዱ ብቻ ተባራሪ ይሆናል። ሦስት ሆነው አንዱን ያሳድዳሉ፤ ይህ ጨዋታ ሆኖ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጅራቱን ይቆላል እኮ የሚል ሰው አይጠፋም። ጅራት መቁላት ብቻውን ወዳጅነት አይደለም። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት ውሻ ባለቤቱን ሲያይ ጅራቱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ የማያውቀውን ኃይለኛ ውሻ ሲያይ ደግሞ ወደ ግራ። ይህን ሜዳ ላይ ቆሞ በዓይን መለየት ይከብዳል፣ የምለው ግን ጅራቱን ብቻ ሳይሆን ውሻውን በሙሉ እዩ ነው።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቀላል ዘዴ አለ። እያየለ ያለውን ውሻ ለትንሽ ጊዜ ያዙት። ሌላኛው ተመልሶ መጥቶ "ና እንጂ" የሚል ከሆነ ልቀቁት፣ ጨዋታ ነበር። ዕድሉን አግኝቶ ባለቤቱ እግር ስር ከተሸሸገ በቃ፣ አልቋል። እሱን ስሙት።

አደራ ደግሞ፣ ውሻ ስላጉረመረመ አትምቱት፣ አትጩሁበት። ማጉረምረም "ራቅ በልልኝ" የሚልበት ሥርዓት ያለው መንገድ ነው። ይህን የተከለከለ ውሻ ዝም ብሎ ቆይቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነክሳል፤ ሰውም "ምንም ሳያሳይ ነከሰ" ይላል።

እሺ፣ በሩ። ርዕሱ ላይ ያስቀመጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው በሩ አካባቢ ነው። አዲስ ተማሪ ክፍል ሲገባ ሁሉም ተነስቶ በሩ ላይ ቢከበው፣ ቢገፋው፣ ፊቱ ላይ ቢተነፍስበት ምን ይሰማዋል? የኛ ሜዳ ላይ የሚሆነው ይሄ ነው። አንድ በር ብቻ ነው ያለው። አዲስ ውሻ ሲመጣ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ በሩ ይሮጣሉ። የሚገባው ገና ገመድ ላይ ነው፣ እነሱ ነፃ ናቸው። ባለቤቱ በአንድ እጁ በር ይዞ በሌላው ገመድ ይፈታል። በዚያው ቀዳዳ ደግሞ አንዱ ውሻ ሾልኮ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል።

በሌሎች ቦታዎች የሚደረገው ሁለት በር በተከታታይ መሥራት ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ሰውና አንድ ውሻ ተረጋግተው የሚቆሙበት ትንሽ ክልል ይኖረዋል። የመጀመሪያውን በር ዘግተህ ገመዱን ትፈታለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትከፍታለህ። ውሻው ሲገባ ነፃ ሆኖ ነው። በተቻለ መጠን እንዲህ ያለ መግቢያ በሁለት የተለያዩ ጎኖች ቢኖር በአንዱ በኩል ሲከማቹ በሌላው መግባት ይቻላል። ወንበሮቹንም ከበሩ አጠገብ አንሱልን። ሰው የተቀመጠበት ቦታ ውሻውም ይቆማል፤ ስለዚህ በሩ መቼም አይጸዳም።

የትንንሾቹም አጥር ይለይ። ይህ ስለ ጠባይ ብቻ አይደለም። ትልቅ ውሻ ትንሽ ውሻ እየተንጫጫ ሲሮጥ ሲያይ፣ ጨዋታው በቅጽበት ወደ አደን ሊለወጥ ይችላል፤ ክፋት ሳይኖርበት፣ ንዴት ሳይኖርበት። 4 ኪሎ የምትመዝን ውሻን 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ለመጉዳት አንድ ጊዜ አንስቶ መነቅነቅ ይበቃዋል። ስፋቱን በተመለከተ የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬነል ክለብ የሚመክረው አንድ ኤከር፣ ማለትም ወደ 4,000 ካሬ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አጥሩም ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ቁመት። የኛ ቦታ ከዚያ ቢያንስም የሚሠራ ነገር አለ። ጥቂት ቁጥቋጦና የአፈር ጉብታ መሀል መሀል ላይ ብታደርጉ ውሾች ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው ተምዘግዝገው አይጋጩም፣ የፈራውም የሚሰወርበት ያገኛል። ጥላና ውሃ ስለሚያስፈልጉ አልከራከርም፤ በተለይ አፍንጫቸው አጭር የሆኑት ዝርያዎች በሙቀት ቶሎ ይወድቃሉ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ባለቤቶች ልዙር፣ ወንድሞችና እህቶች።

ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። አንድ ውሻ ሲጨነቅና ሲነክስ መሀል ላይ ያለው ጊዜ ሰከንዶች ነው፤ እነዚያን ሰከንዶች የምታዩት እናንተ ናችሁ። ክብ ሠርታችሁ አትቁሙ፣ ሜዳው ውስጥ ተዘዋወሩ፤ እናንተ ስትንቀሳቀሱ ውሾቻችሁም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ ቦታ ላይ መፋጠጥ ይቀንሳል። ሰው በበዛበት ሰዓት ውሻችሁ የሚወደውን ኳስ አታምጡ፣ ምግብም በግልጽ ይዛችሁ አትቁሙ። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻን ማምጣት ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነው። የሚያስል ውሻ፣ ተቅማጥ የያዘው ውሻ ቤቱ ይረፍ።

ከሁሉም በላይ ግን ሲጠራ የማይመጣ ውሻ ከገመድ አይፈታ። ይህ ቤት ውስጥ ይጀመራል፣ ከዚያ ጸጥ ባለ ቦታ በረጅም ገመድ፣ ከዚያ ሜዳው ላይ። ብዙ ሰው ውሻውን የሚጠራው ወደ ቤት ሊሄድ ሲል ብቻ ነው። ውሻው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ስሙ ሲጠራ ደስታው እንደሚያልቅ ይገባዋልና ይሸሻል። በጨዋታው መሀል ጥሩት፣ ሲመጣ የሚወደውን ስጡት፣ ወዲያው "ሂድ ተጫወት" ብላችሁ ልቀቁት። ይህ ሲደጋገም መጥራት ኪሳራ መሆኑ ይቀራል። አሁን ልጅ ወዳለበት ሊሮጥ ሲል አንድ ጊዜ ብትጠሩት የሚመልሰው ይህ ነው።

ጠብ ከተነሳም እጃችሁን መሀል አትክተቱ፣ አንገቱንም ለመያዝ አትሞክሩ፤ የራሳችሁ ውሻ ሳያውቅ ይነክሳችኋል። ውሃ ድፉ፣ ትልቅ ድምፅ አሰሙ፣ መሀላቸው ሰሌዳ ወይም ወንበር አስገቡ። ካልሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የየውሻቸውን የኋላ እግሮች ከፍ አድርገው ወደ ኋላ እየሄዱ ይለያዩአቸው፣ በመሀላቸው በር እስኪዘጋ ድረስም አይልቀቁ። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ትንሽ ቀዳዳ ቢመስልም ሐኪም ይየው፤ ከላይ ጥርስ የገባበት ነጥብ ብቻ ሆኖ ከስር ሥጋው የተቀደደ ሊሆን ይችላል። የተነከሰው ሰው ከሆነ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። የክትባት ካርድ በር ላይ ማሳየት ግዴታ ይሁን። የሚያጉረመርም ባለቤት ካለ እኔም አብሬ እቆምና አስረዳለሁ።

ሰገራ ማንሳትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በውሻ ሰገራ ውስጥ የሚወጣው የወስፋት እንቁላል በወጣበት ቀን ሰውን አይዝም። አፈር ላይ ለሳምንታት ቆይቶ ነው ሕይወት የሚዘራው፣ ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል፤ የሚጎዳውም አፈር ነክቶ እጁን አፉ የሚከት ልጅ ነው። ወዲያው በፌስታል ከተነሳ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ስለዚህ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ በየጥጉ አስቀምጡልን፣ እኛም ሰበብ አይኖረንም።

ውሻ ለሚፈሩና ለማይወዱ ሰዎችም መናገር እፈልጋለሁ። ፍርሃታችሁን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። "አይነክስም፣ አትፍሩ" ብሎ ውሻውን ወደናንተ መልቀቅ ነውር ነው። ከአጥሩ ውጪ ገመድ ግዴታ ይሁን፣ የሚጥሰውም ይቀጣ፤ እደግፋለሁ። ተጨማሪ ቦታ ከሌለም ሰዓት መክፈል ይቻላል። ኒው ዮርክ ከተማ በአንዳንድ ፓርኮቿ በተመረጡ ቦታዎች ከመክፈቻ ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ3 ሰዓት እስከ መዝጊያ ድረስ ውሾች ያለ ገመድ እንዲሆኑ ትፈቅዳለች፤ ለብዙ ዓመታት በልማድ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2007 በደንብ አጽንታዋለች። ፈቃድና የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃም ትጠይቃለች። ቀሪው ሰዓት የሌላው ሰው ነው።

እንግዲህ ከናንተ የምንጠይቀው ይህ ነው። መግቢያው ባለ ሁለት በር ይሁን። ለትንንሾች ክልል ይለይ። ቡችሎች የሚታጠብ ወለል ያለው ጥግ ይኑራቸው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ደግሞ ለፈሪና ለሽማግሌ ውሾች ይተው፣ ያውም ቁጥሩ ተገድቦ። ጠብ ሲነሳ ቀኑ፣ ሰዓቱና የተነሳበት ቦታ ይመዝገብ፤ አሁን ያለው አቤቱታ ብቻ ነው፣ የት ጥግ ላይ እንደሚበዛ ማንም አልጻፈም። ደጋግሞ የሚያስቸግር ካለ ደግሞ እሱና ባለቤቱ ይታገዱ። በጥቂቶች ጦስ ሁሉም አይዘጋበት።

ከመወሰናችሁ በፊት ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሜዳው ሲሞላ፣ መጥታችሁ በሩ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ቁሙ። የእንስሳት ሐኪምም ይዛችሁ ኑ። በሩ ሲከፈት የሚሆነውንና ሜዳው መሀል የሚሆነውን ለየብቻ እዩት። አጥር መቆፈርና መበየድ የሚችሉ፣ ጉልበታቸውን በነፃ ለመስጠት የተስማሙ ባለቤቶች አሉን፤ ስም ዝርዝራቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብቻለሁ። የሚቀረን የናንተ ፈቃድና የሥራው ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሜዳው ተጠቃሚዎች አንዷ